«ወተት ልገዛ ወጥቼ ነበር በዪ» አሉኝ፤ ምን ይሻለኛል?

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ለንደን ከመጣሁ አምስት ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ መንከባከብ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ ስድስት ዓመት ነድቻለሁ፤ የዚህን አገር መንጃ ፈቃድ ግን ያወጣሁት ከ14 ወር በፊት ነው። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ወደ መጀመሪያዋ ደንበኛዬ ቤት ስሄድ፣ አደባባይ መግቢያ ላይ ከፊቴ የነበረውን መኪና ከኋላ ገጨሁት። ባለ መኪናው ሊገቡ ጀምረው ቆሙ። እኔ የገቡ መስሎኝ በቀኝ የሚመጣውን መኪና እያየሁ ነበር። ማንም አልተጎዳም። ሽማግሌ ናቸው፤ እኔ ሳለቅስ ያረጋጉኝ እሳቸው ናቸው። ስም፣ አድራሻ፣ ስልክና ታርጋ ተለዋወጥን።

ቤት ገብቼ የኢንሹራንሱን ወረቀት ሳየው ‹ሶሻል፣ ዶሜስቲክ ኤንድ ፕሌዠር› ብቻ ይላል። ኢንተርኔት ላይ ስሞላ ‹ኮሚዩቲንግ› የሚለውን የታክሲ ነገር መስሎኝ አልነካሁትም። የእህቴ ባል ‹ወተት ልገዛ ወጥቼ ነበር በዪ፣ አለቀ› አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ለኢንሹራንሱ ሳትነግሪ ለሰውየው በእጅ ክፈያቸው ትላለች። ሰውየው ሁለት ጊዜ ደወሉ፣ አላነሳሁም። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ይሻለኛል?
ጭንቅ የያዛት፣ ከሰሜን ለንደን»

ውድ እህቴ፣

እንኳን ሁለታችሁንም ከክፉ አተረፋችሁ። ብረት ይጠገናል።

መልሴን ሳላቆይ ልንገርሽ። ዛሬውኑ ኢንሹራንስሽ ጋ ደውዪ። ወዴት ስትሄጂ እንደነበር እንደሆነው ንገሪያቸው። ወተት የሚባል ነገር አይነሳ። በእጅ መክፈሉንም እርሺው። ነገሩ እስኪስተካከል ድረስ ደግሞ በዚያች መኪና ሥራ አትሂጂ፤ ነገም ቢሆን በአውቶቡስ ውጪ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ዘርዘር አድርጌ አስረዳሻለሁ። አንቺን የመሰሉ ብዙ እህቶችና ወንድሞች ይህን እያነበቡ የገዛ ወረቀታቸውን ከመሳቢያ እንደሚያወጡ አውቃለሁና።

መጀመሪያ ወደዚያ ቃል እንምጣ። «ኮሚዩቲንግ» ያሳሳተው አንቺን ብቻ አይደለም። በአማርኛ በአንድ ቃል የምንጠራው አይደለም። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት መመላለስ ማለት ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። አገር ቤት ኢንሹራንስ ሲገባ ዋናው ጥያቄ መኪናው የቤት ነው ወይስ የንግድ የሚል ስለሆነ፣ «ለሥራ» የሚል ነገር ስናይ ቶሎ ትዝ የሚለን ታክሲና የጭነት መኪና ነው። እንግሊዝ አገር ግን የቤት መኪና አጠቃቀም ራሱ በደረጃ ይከፋፈላል።

የመጀመሪያው ያንቺ ወረቀት ላይ ያለው ነው። ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ዘመድ ጥየቃ፣ ሽርሽር። ሥራ የለበትም። ቀጣዩ ኮሚዩቲንግ ነው፤ ወደ አንድ ቋሚ የሥራ ቦታ ደርሶ መልስን ይጨምራል። ብዙዎቹ ኩባንያዎች መኪናሽን ባቡር ጣቢያ አቁመሽ በባቡር ሥራ ብትሄጂም ከዚሁ ይቆጥሩታል፤ ይህን የማያውቅ ሰው በጣም ብዙ ነው። ከዚያ በላይ «ቢዝነስ ዩዝ» የሚባለው አለ፤ በሥራ ምክንያት ከአንድ በላይ ወደሆኑ ቦታዎች ለሚነዳ ሰው ነው። ታክሲና ምግብ ማድረስ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ኢንሹራንስ ይፈልጋል።

አሁን የማይጥምሽን ልናገር ነው፤ ግን ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል። ኮሚዩቲንግ የሚለውን ሞልተሽው ቢሆን ኖሮም ላይበቃሽ ይችል ነበር። አንቺ የምትሄጂው አንድ ቢሮ አይደለም። ጠዋት አንዷ ቤት፣ ከዚያ ሌላኛው ቤት፣ ምሳ ሰዓት ሦስተኛው ጋ ትደርሻለሽ። ከደንበኛ ደንበኛ መዞር በአብዛኞቹ ኩባንያዎች ዘንድ ቢዝነስ ዩዝ ነው። ስለዚህ ስትደውዪ «ኮሚዩቲንግ ጨምሩልኝ» ብቻ ብለሽ ስልኩን እንዳትዘጊው። ሥራሽን እንዳለ አስረጂያቸው፤ በቀን ስንት ቤት እንደምትዞሪ፣ ታካሚ በመኪናሽ ይዘሽ የምትሄጂ ከሆነ እሱንም ጭምር። ይህ ካልሆነ በሚቀጥለው ጊዜ እዚያው ጣጣ ውስጥ ትገቢያለሽ።

ባለፈው ዓመት አንዲት ጎረቤቴ ጋ ቡና እየጠጣን ይህንኑ ወረቀት አብረን አየነው። ሰርተፊኬቱ አንድ ገጽ ነው። ከላይ ታርጋው፣ ቀጥሎ ስሟ፣ ከዚያ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን። ወደ ታች ወረድ ሲል «ሊሚቴሽንስ አዝ ቱ ዩዝ» የምትል አንዲት መስመር አለች፤ የአጠቃቀም ገደብ ማለት ናት። ጎረቤቴ ሦስት ዓመት ሙሉ ወደ ሆስፒታል ለጽዳት ሥራ ስትነዳ ያቺን መስመር አንድም ቀን አላነበበቻትም። «ኮምፕሪሄንሲቭ ነው እኮ፣ ሙሉ ነው» ትለኝ ነበር። ኮምፕሪሄንሲቭ ማለት የራስሽም መኪና ይሠራል ማለት ነው እንጂ ለየትኛውም ጉዞ ይሠራል ማለት አይደለም። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ሆና ደወለች፤ የተጠየቀችው ተጨማሪ ገንዘብ ለአንድ ወር ከምትገዛው ቡና ያነሰ ነበር። ሁሉም ሰው እንደ እሷ ይቀናዋል ማለት አልችልም። ዋጋው እንደ ሰውየው፣ እንደ ሰፈሩ ይለያያል።

አሁን ወደ እህትሽ ባል ምክር ልምጣ። ክፋት አስቦ አይደለም፤ ሊያድንሽ ፈልጎ ነው። ምክሩ ግን ገደል ነው።

በዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ፣ ተራ ደንበኛን የሚጠብቅ የኢንሹራንስ ሕግ አለ። ሕጉ ስትገቢ የሰጠሽውን የተሳሳተ መልስ በሁለት ይከፍለዋል። አንዱ በግድየለሽነት ወይም ባለመረዳት የተሳሳተ ነው። ሌላው አውቆ የዋሸ ወይም እውነት ይሁን ውሸት ደንታ ያልሰጠው። ያንቺ የመጀመሪያው ነው፤ ቃሉን አልተረዳሽውም። አውቀሽ ነው የዋሸሽው የሚል ኩባንያ ካለ ማስረዳት ያለበት እሱ ነው።

ልዩነቱ በገንዘብ ሲታይ ይኸውልሽ። አውቆ በዋሸ ሰው ላይ ኩባንያው ውሉን ከመጀመሪያው እንዳልነበረ ማድረግ፣ ካሳውን በሙሉ መከልከል፣ የተከፈለውንም አረቦን ማስቀረት ይችላል። ሳይረዳ የተሳሳተ ሰው ላይ ግን መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ እውነቱን ብናውቅ ኖሮ ምን እናደርግ ነበር? ዋጋ ጨምረን እናስገባት ነበር ካሉ፣ ካሳውን በዚያው ልክ መቀነስ ይችላሉ። ምሳሌ ልስጥሽ። የከፈልሽው 640 ፓውንድ ነው እንበል። ቢዝነስ ዩዝ ተጨምሮበት 800 ይሆን ነበር። ከሚገባው 80 በመቶውን ከፍለሻል ማለት ነው፤ ስለዚህ የመኪናሽ ጥገና 2,500 ፓውንድ ቢሆን 2,000ውን ነው የሚያስቡልሽ። ኤክሰስ የሚባለው፣ በውሉ መሠረት ከኪስሽ የምትችይው ድርሻ ደግሞ ለብቻው አለ። ያማል፤ ግን የሚቻል ሕመም ነው። ጭራሽ አናስገባትም ነበር ካሉ ካሳውን ሊከለክሉሽ ይችላሉ፤ ያኔ ግን የከፈልሽውን አረቦን መመለስ አለባቸው።

እንግዲህ አስቢው። ዛሬ በእጅሽ ያለው ያልገባሽ ቃል ነው። «ወተት ልገዛ ወጥቼ» ያልሽ ዕለት ግን አውቆ የሚዋሽ ሰው ትሆኛለሽ። ከቀላሉ ቦታ ተነስተሽ በገዛ እግርሽ ወደ ከባዱ ትሻገሪያለሽ። በማጭበርበር የተያዙ ሰዎች ስም የሚመዘገብበት የኢንሹራንስ መዝገብ አለ፤ ከዚያ በኋላ ኢንሹራንስ ማግኘት በራሱ ፈተና ነው።

አይያዝም እንዳትይ ደግሞ ፎቶውን ልየው። አራት ፎቶ ልከሽልኛል። ሦስተኛው ላይ የተሰበረው የቀኝ መብራትና የተጣመመው ኮፈን በደንብ ይታያል። ከመስታወቱ ኋላ ግን የሥራ መታወቂያሽ በሰማያዊ ክሩ ተንጠልጥሎ አለ። ጎን ወንበር ላይ የጓንት ካርቶን ተቀምጧል። ሰዓቱ ፎቶው ላይ ተጽፏል። እነዚህን ፎቶዎች ራስሽ ለኩባንያው ትልኪያለሽ። ሽማግሌውም የሥራ ልብስ ለብሰሽ አይተውሻል። የጠዋቱ ፈረቃሽ መሥሪያ ቤትሽ መዝገብ ላይ አለ። እነዚህ ሁሉ ባይኖሩም ግን እኔ ዋሺ አልልሽም። የሌሎችን እናት ገላ የሚያጥብ እጅ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ስሙን መፈረም የለበትም።

የጓደኛሽ ምክር ደግሞ የዋህ ምክር ነው። ሰውየው ዛሬ 300 ፓውንድ ተቀብለው «ጨርሰናል» ቢሉሽ እንኳ በሳምንቱ አንገታቸውን ሊያማቸው ይችላል። በእንግሊዝ ሕግ የአካል ጉዳት ካሳ ለመጠየቅ በጠቅላላው 3 ዓመት ጊዜ አላቸው። ያኔ ኢንሹራንስሽ ስለ አደጋው የሚሰማው ከአንቺ ሳይሆን ከጠበቃ ይሆናል፤ «ለምን በጊዜው አላሳወቅሽንም?» ይላል። ካሳ ባትጠይቂም እንኳ አደጋውን ማሳወቅ የውሉ ግዴታ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ስታድሺም «አደጋ አጋጥሞሽ ያውቃል?» ይሉሻል፤ ብዙዎቹ የ5 ዓመቱን ነው የሚጠይቁት።

የመንጃ ፈቃድሽ ነገር ከሁሉም በላይ አሳስቦኛል። ወረቀቱ ላይ ለሌለ አጠቃቀም መንዳት በሕግ ያለ ኢንሹራንስ እንደመንዳት ሊቆጠር ይችላል። ፖሊስ ከያዘሽ ቅጣቱ 300 ፓውንድና መንጃ ፈቃድ ላይ የሚመዘገብ 6 የጥፋት ነጥብ ነው፤ ፍርድ ቤት ከሄደ ገንዘቡ ገደብ የለውም፣ ከመንዳትም ሊያግዱሽ ይችላሉ። መኪናዋንም መውሰድ ይችላሉ። ለሌላ ሰው 6 ነጥብ ከባድ ቅጣት ነው። ለአንቺ ግን መንጃ ፈቃድሽ ራሱ ነው። ፈተና ካለፉ በሁለት ዓመት ውስጥ 6 ነጥብ የደረሰበት ሰው መንጃ ፈቃዱ ይሰረዛል። ተመልሶ ከለማጅ ፈቃድ ጀምሮ የጽሑፉንም የተግባሩንም ፈተና እንደገና ይወስዳል። አንቺ ገና 14 ወርሽ ነው።

አዲስ አበባ የነዳሽው ስድስት ዓመት እዚህ አይታሰብልሽም። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እንግሊዝ አገር መኖር ከጀመርሽ 12 ወር ድረስ ያስነዳል፤ በዚህ አገር ፈቃድ ግን አይለወጥም፤ እንደ ጀማሪ ተፈትነሽ ነው የምታወጪው። ሁለት ዓመቱም የሚቆጠረው ከዚያ ፈተና ነው። ብዙ የእኛ ሰው ኢንሹራንስ ሲሞላ «ፈቃድ ካወጣህ ስንት ዓመትህ ነው?» ለሚለው የአገር ቤቱን ደምሮ «አሥር ዓመት» ይላል። ኩባንያው እያወራ ያለው ስለ እንግሊዙ ፈቃድ ከሆነ ይህም የተሳሳተ መልስ ነው። ያንቺን እንዴት እንደሞላሽው ዛሬ ማታ እዪው። ስህተት ካለ በዚያው ስልክ አብረሽ አስተካክዪው።

እሺ፣ ስልኩን እንዴት ትደውያለሽ? ወረቀቱን ፊትሽ አድርጊ። የውል ቁጥሩን፣ የሽማግሌውን ስምና ታርጋ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመንገዱን ስም በአንድ ገጽ ላይ ጻፊ። አደባባዩን በእጅሽ ሳዪው፤ የነበራችሁበትን በቀስት አሳዪ። የደረሰውን ራስሽ እንዳየሽው ብቻ ተናገሪ። «ከፊቴ የነበሩት ጀምረው ቆሙ፣ እኔ በቀኝ እያየሁ ነበር፣ ገጨኋቸው።» ፍጥነትሽን በትክክል ካላወቅሽ ቁጥር አትፍጠሪ። ጥያቄው ካልገባሽ «ይድገሙልኝ» በዪ፤ እንግሊዝኛው ከከበደሽ አስተርጓሚ መጠየቅ ወይም አንቺ ፈቅደሽ ሌላ ሰው እንዲያናግርልሽ ማድረግ ትችያለሽ። ንግግሩ ይቀዳል፤ አንቺም ያነጋገረሽን ሰው ስምና የክሌም ቁጥሩን፣ ማለትም የካሳ ጥያቄውን መለያ ቁጥር፣ ጻፊ። የጉዞውን ነገር እነሱ እስኪጠይቁሽ አትጠብቂ። እንዲህ በያቸው፦ «ወደ ሥራዬ እየሄድኩ ነበር። ሰዎችን በየቤታቸው እንከባከባለሁ። ስሞላ ኮሚዩቲንግ የሚለው ቃል አልገባኝም ነበር፤ ስህተቱን ያወቅሁት ከአደጋው በኋላ ወረቀቱን ሳይ ነው።» ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ለብቻሽ ሁለት ሦስቴ ጮክ ብለሽ ለማመጂው፤ ድምፅሽ ይረጋጋል።

መኪናዋን ወደምታውቂው ጋራዥ ወስደሽ አታሠሪ፤ መጀመሪያ እነሱ ይዩዋት። አንዳንድ ውል እነሱ በመረጡት ጋራዥ ካልተሠራ ኤክሰሱን ከፍ ያደርገዋል። መኪናዋ የተጎተተችበትም ሆነ የጥገና ደረሰኝ ካለሽ አትጣዪ። «ነፃ መኪና እንሰጥሻለን፣ ካሳሽን እናስከፍልሻለን» ብሎ ካለ አንቺ ጥሪ የሚደውል ሰው ካለ ደግሞ ምንም ሳትፈርሚ ዝጊው።

ኩባንያው ካሳውን ቀንሶ ወይም ከልክሎ ቢመልስልሽ «ለምን?» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ስሞላ የቀረበልኝን ጥያቄ ቃል በቃል አሳዩኝ በያቸው፤ ጥያቄው ግልጽ ነበር አልነበረም የሚለው ትልቅ ክብደት አለው። እውነቱን ብታውቁ ስንት ታስከፍሉኝ ነበር፣ ሒሳቡን አሳዩኝም በዪ። መልሱ ካላጠገበሽ በይፋ አቤቱታ አቅርቢ። በ8 ሳምንት ውስጥ የመጨረሻ መልስ ካልሰጡሽ፣ ወይም የሰጡሽ መልስ ካላረካሽ፣ ፋይናንሺያል ኦምቡድስማን ሰርቪስ የሚባለው፣ እንዲህ ያለውን አቤቱታ የሚያይ ገለልተኛ ተቋም ጋ መሄድ ትችያለሽ። ለአንቺ በነፃ ነው። የመጨረሻው መልስ ከተጻፈ ጀምሮ 6 ወር አለሽ፤ እንዳያልፍብሽ። ደብዳቤ መጻፉ ከከበደሽ ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባሉት ነፃ የምክር ቢሮዎች ይረዱሻል።

አሠሪሽንም አነጋግሪ። ሠራተኞቹ በግል መኪናቸው እንደሚዞሩ እያወቀ ስለ ቢዝነስ ዩዝ አንድም ቀን ሳይጠይቅሽ ከቆየ፣ ለሌሎቹም ባልደረቦችሽ ሲባል ማንሳት ተገቢ ነው።

የቀሩት ሽማግሌው ናቸው። ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ሁለት ጊዜ ደውለው አለማንሳትሽ ነው። ፈርተሽ እንደሆነ ይገባኛል። እሳቸው ግን ደንግጣ ያለቀሰች ልጅ አረጋግተው ቤታቸው ገቡ፤ አሁን ደግሞ የተሰበረ መኪና ይዘው ስልክ ይጠብቃሉ። ካሳ የሚጠይቅ ሰው የኢንሹራንስሽን ዝርዝር ሲጠይቅሽ መስጠት የሕግ ግዴታ ነው። ባትሰጪያቸውም በታርጋሽ ብቻ፣ ትንሽ ከፍለው፣ ኢንሹራንስሽ የት እንደሆነ ከመላ አገሪቱ የመኪና ኢንሹራንስ መዝገብ ማግኘት ይችላሉ። ለሌላ ጊዜም እንድታውቂው፣ አደጋ ቦታው ላይ ስምና አድራሻ መለዋወጥ ካልተቻለ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማመልከት ግዴታ ነው፤ የተጎዳ ሰው ካለና የኢንሹራንስ ሰርተፊኬት ካላሳየሽም እንዲሁ። እናንተ ተለዋውጣችኋል፤ የተጎዳም የለም፤ ይህኛው አያስጨንቅሽ።

የእሳቸው ጉዳት በአብዛኛው በኢንሹራንስሽ በኩል መሸፈኑ አይቀርም። ሕጉ ሦስተኛ ወገንን አጥብቆ ይጠብቃል፤ ከአንቺ ጋር ያለው ክርክር የእሳቸውን መኪና አያስቀርም። ኩባንያው ለእሳቸው የከፈለውን ኋላ ከአንቺ ሊጠይቅ የሚችልበት መንገድ ግን አለ፤ እውነቱን ቀድሞ መናገር እዚህም ላይ ይረዳሻል።

ስለዚህ ከኢንሹራንሱ ጋር ተነጋግረሽ እንደጨረስሽ፣ ስልኩን ሳታስቀምጪ፣ ለእሳቸው ደውዪ። ስላላነሳሽው ይቅርታ ጠይቂያቸው። የኩባንያውን ስምና የክሌም ቁጥሩን ስጫቸው። አንገታቸውን እንዴት እንዳደሩም ጠይቂልኝ።